የነሐሴ ጋቢ

ዶሃ ውስጥ ጋቢ የሚለበሰው በነሐሴ ነው። ይህን ለአገር ቤት ሰው በስልክ ስናገር ወዲያ ማዶ አጭር ዝምታ ይሰማኛል፤ ቀጥሎም "አይዞህ፣ ፀሐይ ላይ አትውጣ" ይሉኛል። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ውጭ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲገባ ቤት ያለው ኤሲ እልህ ይይዘውና ሳሎናችን የደብረ ብርሃን ሌሊት ይሆናል። ኤሲውን መቀነስ ደግሞ በጋራ ቤት ውስጥ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መስኮት ሥር የሚተኛው ሞቀኝ ይላል፣ ኤሲው ሥር የሚተኛው በረደኝ ይላል፣ ሪሞቱ ግን ምንጊዜም የሚገኘው በሚሞቀው ሰው ትራስ ሥር ነው። የቀረነው ጋቢያችንን እንደርባለን።

በዚሁ ወር ፍልሰታ አለ። የዶሃ ጿሚ ዕጣ ፈንታ የተለየ ነው። እዚህ አገር የሳምንቱ ዕረፍት አርብ ነው፤ አቡ ሃሞር ወዳለው የአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ነጠላ አጣፍተን የምንሄደውም አርብ ነው፤ አርብ ደግሞ ጾም ነው። በዓለ ሃምሳ ካልሆነ በቀር ጊዜ ሲኖረን ሥጋ የለም፣ ሥጋ ሲፈቀድ ጊዜ የለም። ስለዚህ ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ ከሥራ የተመለሰ ሁሉ ማታ ሳሎን ይሰበሰባል። ነጭ ጋቢ የደረበ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽሮና ምስር ያየ ሕዝብ በጥሬ ሥጋ ዙሪያ ቢላ ይዞ ይቀመጣል። (የጤና ባለሙያ የሆነ አንባቢ ይህን አንቀጽ ቢዘለው ደስ ይለኛል።) ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ የኬሚስትሪ ነው።

እንዲህ ባለ አንድ ምሽት፣ ናጅማ በሚገኘው የጋራ ቤታችን፣ ገና ከአገር ቤት የመጣ ክፍል የሚጋራኝ ልጅ የቆረጠው ሙዳ ከእጁ አመለጠና ጭኑ ላይ አረፈ። ጋቢው እናቱ ራሳቸው ፈትለው ያሸመኑት ነበር። ሙዳውን ወዲያው አነሳው፣ ጎረሰውም፤ ቀይ ማኅተሙ ግን ጋቢው ላይ ቀረ።

የሐበሻ ሸንጎ እንዲህ ጊዜ አይቸገርም። አንዱ "የፈላ ውሃ!" አለ። ሌላው ክሎሮክስ ሊያመጣ ተነሣ፤ በረኪና በዚህ አገር ስሙ ክሎሮክስ ነው። ሦስተኛው ሎሚ በጨው አዘዘ። አራተኛው ለቃጠሎም፣ ለጫማም፣ ለብጉርም አንድ መድኃኒት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የጥርስ ሳሙና አለ። ድስቱን ሊጥድ የተነሣ ሰው ወጥ ቤት ሳይደርስ ከዚያው ድምፅ መጣ።

"የፈላ ውሃ ያፈሰሰበትን እጁን ነው የምቀቅለው!"

እትዬ ናቸው። ቤይሩትንና ጅዳን አልፈው ዶሃ የደረሱ፣ በየአገሩ የሰው ልብስ አጥበውና ተኩሰው ልጆች ያስተማሩ ሴት ናቸው። የጋራ ቤታችን ሕግ አውጪም፣ ሕግ ተርጓሚም፣ ሕግ አስፈጻሚም እሳቸው ስለሆኑ ማንም ቃል አልመለሰም።

"አንተ ልጅ፣ አውልቀው። ደም ያለበት ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። እናትህ አልነገሩህም?"

"ነግረውኛል እትዬ፤ ግን ረሳሁት።"

እዚህ ላይ እትዬ ከነገሩን ውስጥ አንዲት ነገር ብቻ ላስተካክል፤ ይህንንም እዚህ ጋዜጣ ላይ ሆኜ ነው እንጂ ፊታቸው አልደፍረውም። ጋቢው ላይ የቀረው ደም አልነበረም። እንስሳው ሲታረድ ደሙ አብዛኛው ፈስሶ ያልቃል። ከቀይ ሥጋ የሚንጠባጠበው ቀይ ነገር ውሃና ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን ይዞ የሚቀመጥ፣ ልክ እንደ ደሙ ሄሞግሎቢን ብረት ያለበት የሥጋ ዘመድ። እትዬ ስሙን ቢስቱም ሕክምናውን አልሳቱም፤ ሁለቱም ፕሮቲን ናቸውና የሚታጠቡት በአንድ ደንብ ነው። እንቁላልም፣ ወተትም፣ ሕፃን ትከሻ ላይ የሚመልሰው ነገርም እዚሁ ደንብ ውስጥ ይገባሉ። ቅባት የሌለበት ላብም እንዲሁ። የወጡ ዘይትና በርበሬ ግን ሌላ ወገን ናቸው፤ እነሱ በቀዝቃዛ ውሃ ይስቃሉ።

ፕሮቲን ማለት እጅግ ረጅም ክር ነው፤ ግን ተዘርግቶ አይኖርም፣ እንደ ልቃቂት በሥርዓት ተጠቅልሎ ይኖራል። ልቃቂቱ ሳይፈታ ውሃ ካገኘው ተንሳፍፎ ይሄዳል። ሙቀት ሲያገኘው ግን ይተረተራል። የተተረተረው ክር ከጎረቤቱ ክር ጋር፣ እሱም ከጥጡ ክር ጋር ይተበተብና ከዚያ ወዲያ ውሃ አያውቀውም። የእንቁላል ነጩ ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል መርጋት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የካሊፎርኒያው አርቫይን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአውስትራሊያ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የተቀቀለ እንቁላል ነጭ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ወደ ቀድሞ አጠቀላለሉ መልሰዋል፤ ለዚህም ሰውን መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን ኢግ ኖቤል አግኝተዋል። የተጠቀሙት ዩሪያና በኃይል የሚሽከረከር መሣሪያ ነው። ዩሪያ ከየት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ጋቢውን በዚህ ዘዴ ለማዳን አይቸኩልም።

ለእኛ ግን ከካሊፎርኒያ ይልቅ የእናቶቻችን ወጥ ቤት ይቀርበናል። አይብ እንዴት እንደሚወጣ ያየ ሰው ይህን ሳይንስ አይቶታል። ቅቤው ከተናጠ በኋላ የቀረውን አረራ እሳት ላይ ይጥዱታል። ኮምጣጣነቱና ሙቀቱ ተባብረው ፕሮቲኑን ያረጉታል፤ አይቡ ለብቻ፣ አጓቱ ለብቻ ይሆናል። ውሃ ሊያፈላ የተነሣው ወንድማችን ሊያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው፦ ጋቢ ላይ አይብ ማውጣት። ሎሚውም ከኮምጣጣነት ወገን ስለሆነ ለዚህ ሰዓት አይሆንም። የሎሚ ተራ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ፕሮቲኑ ሄዶ ከውስጡ የነበረው ብረት ዝገት የመሰለ ቢጫ ከተወ ያን ጊዜ ይጠራል። የጥርስ ሳሙናን በተመለከተ፣ ጥርስ ይቦረሽበት ከማለት በቀር አስተያየት የለኝም።

ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። እትዬ "ቀዝቃዛ ውሃ" ብለዋል። ነሐሴ ነው። ያለነው ዶሃ ነው።

ልጁ ጋቢውን ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባና ሰማያዊ ምልክት ያለበትን ቧንቧ ከፈተ። ወዲያው እጁን መንጭቆ ጮኸ።

የዶሃ ውሃ ጉዞው ረጅም ነው። ወንዝ የለም፣ ሐይቅ የለም፤ ቧንቧ የሚወርደው ከባሕር ተቀድቶ ጨዉ የወጣለት ነው። እንደ ራስ አቡ ፎንታስና ኡም አል ሁል ካሉ ማጣሪያዎች ተነሥቶ ካህራማ በሚባለው የመብራትና ውሃ ድርጅት መስመር ሰፈራችን ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ዘመናዊ ነው። ከዚያ በሞተር ተገፍቶ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ይወጣል፤ እዚያም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ይህች ፀሐይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ዶሃን 50.4 ዲግሪ ያደረሰች ናት። ማታ "ቀዝቃዛውን" ስንከፍት የሚወርድልን ቀን ሙሉ ተጥዶ የዋለ ውሃ ነው። ሻይ ባይፈላበትም ሻይ ቅጠሉን ያሳስበዋል።

አዲስ ገቢ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ቀዩንማ ጨርሶ አይነካውም፤ በሰማያዊው እንዲህ ከተቃጠለ በቀዩ ሊላጥ ነው። ነባሩ ነዋሪ ግን ሚስጥሩን ያውቃል። ሙቀቱ ሲጀምር የቦይለሩ ማብሪያ ይጠፋል፤ እስከ መስከረም ማለቂያም አይበራም። ቦይለሩ የተሰቀለው ፀሐይ በማያገኘው የመታጠቢያ ቤት ጥግ፣ ኤሲ ባቀዘቀዘው ቤት ውስጥ ነው። ውሃው እዚያ ቆይቶ ሙቀቱን ይለቅና ቤቱ ያለውን ቅዝቃዜ ይይዛል። ስለዚህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁሉ ክረምት ሙሉ ቀዩ ቧንቧ ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊው ሙቅ ነው። አገር ቤት ይህን ያልኩት አንድ ዘመዴ፣ "ታዲያ ቀለሙን ለምን አትቀያይሩትም?" አለኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ኅዳር ላይ ግን መልሰን ልንቀይረው ነው።

ችግሩ ይህ ቀዝቃዛ ውሃ በልክ መሆኑ ነው። ቦይለሩ ያው የተለመደው ትንሽ ቦይለር ነው፤ አንድ ሰው ተዝናንቶ ከታጠበበት የጣሪያው ትኩስ ውሃ ወርዶ ይተካበታል። የዚያን ዕለት ማታ ለፍስክ የተዘጋጀ ሕዝብ ሁሉ ገላውን ታጥቦ ነበር። ልጁ ቀዩን ከፈተ፤ ቀዩም ትኩስ ነው። "ሁለቱም ሙቅ ናቸው!" ብሎ ከውስጥ ሲጮህ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ተስፋ የቆረጠ ድምፅ የሰማሁት የዋንጫ ፍጻሜ ላይ ብቻ ነው።

እትዬ ፍሪጁን ከፈቱ። ለመጠጥ የተቀመጠው ውሃ ሁሉ ሳፋ ውስጥ ተገለበጠ፤ በረዶውም ተከተለው። ለስላሳ በበረዶ ሊጠጣ ያሰበ አንድ ሰው ቅር ብሎት ቆሞ ያይ ነበር፤ አልተሰማም። እትዬ ጋቢውን ገልብጠው ከጀርባው በኩል ውሃውን አፈሰሱበት፤ እድፉ በገባበት በር ይውጣ እንጂ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ወደ ማዶ አይሻገር ብለው። ማሸት ከለከሉ። ቆንጠር አድርገው ጨው ነሰነሱበት። ጨውን በተመለከተ ብዙ ሰው የድሮ እምነት ይመስለዋል፤ ግን ከፕሮቲኖች መካከል ከተራ ውሃ ይልቅ ቀለል ያለ የጨው ውሃ የሚያሟሟቸው አሉ። ውሃው ቀላ፣ ተደፋ፣ ሌላ ተቀዳ። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ የላይኛው ነጽቶ ሦስተኛው ላይ የሚቆይ ነገር አይጠፋም፤ እሳቸው ግን እጥፉን በጣታቸው እየለዩ አዩት።

ወንዶች ተሰልፈን ስናይ አንዱ፣ "እትዬ፣ ይህን ሁሉ ከየት ተማሩት?" አላቸው። እትዬ ቀና ብለው አዩት፣ ዝም አሉ፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ይህን ሳይንስ የዓለም ሴት ሁሉ ገና በልጅነቷ፣ ከእናቷ ወይም ከእህቷ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ትማረዋለች፤ በየወሩም ትከልሰዋለች። ወንዶች የምናገኘው አርባ ዓመት ሞልቶን፣ ያውም ሥጋ ሲወድቅብን ነው፤ ከዚያ ደግሞ እንደ አዲስ ግኝት ጋዜጣ ላይ እንጽፈዋለን።

ቀዝቃዛ ውሃ እንግዲህ ትኩሱን እድፍ ያነሣል። ደርቆ የሰነበተውን ግን ብቻውን አይችለውም። ለእሱ ክሩን ቆራርጦ የሚያሳጥር ነገር ያስፈልጋል፤ ያም ኢንዛይም ነው። ታሪኩ የሚጀምረው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከውሻ ዓይነ ምድር ነው። የአውሮፓ ቆዳ ፋቂዎች ለዘመናት ቆዳ የሚያለሰልሱት በውሻና በእርግብ ኩስ ነበር። ኦቶ ሮም የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ይህን ጠረን ከፋብሪካ ለማስወጣት ሲሞክር፣ ሥራውን የሚሠሩት ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞች መሆናቸውን ተረዳና ከእንስሳት ጣፊያ አጠገብ ካለው፣ ምግብ ከሚያስፈጨው ቆሽት አውጥቶ ሸጠላቸው። ቀጠለና ቆዳ ላይ የሠራ ልብስ ላይ ለምን አይሠራም አለ። ቡርኑስ የተባለው የልብስ መዘፍዘፊያው እ.ኤ.አ. በ1914 ገበያ ወጣ። ጥቂቱ ብዙ ስለሚሠራ ማሸጊያው ትንሽ ነበር፤ የጀርመን አጣቢዎችም በዚያች ትንሽ ነገር ልብስ ይጸዳል ብለው አላመኑም። ካምፓኒው ተሸነፈና ማሸጊያውን አተለቀው ይባላል።

በጀርመን ሴቶች የሚስቅ ሐበሻ ካለ የራሱን ቤት ይመልከት። እኛ የምናምነው በአረፋ ነው። እዚህ አገር የልብስ ዱቄት ሳሙና ሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ ከላይ ለሚከፈት ማሽን አረፋ ያለው፣ ከፊት ለሚከፈት ማሽን አረፋው የተቀነሰ። የእኛ ሰው የቱንም ማሽን ይያዝ የመጀመሪያውን ይገዛል። አረፋው በማሽኑ በር ሥር ወጥቶ ሳሎን ድረስ ሲመጣ "ይህ ነው ኦሞ!" ይላል፤ ዕቃው ታይድም ይሁን አሪኤል ለእኛ ኦሞ ነው። አረፋ ግን እድፍ አያወጣም። ኢንዛይሙ አረፋ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ድምፅ የለውም፤ የማሸጊያው ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ስሙ ተጽፎ ይቀመጣል። የዛሬው ኢንዛይም ከቆሽት መምጣቱ ቀርቷል፤ በፋብሪካ ጋን ውስጥ ባክቴሪያ እያረቡ ነው የሚያወጡት። በ1960ዎቹ አውሮፓና አሜሪካ በሰፊው ከገባ በኋላ ዱቄቱን የሚያሽጉ ሠራተኞች አስም ያዛቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህ በሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እንዳይበን በእንክብል ተሸፍኖ ነው ሳሙናው ውስጥ የሚገባው።

እኛም የራሳችን አለን። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዙ ክፍል ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ነበሩና ግኝቱ ለዓለም ተረፈ፤ በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ነጠላን ነጭ የሚያደርገውም፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም ሳፖኒን የሚባል ነገር ነው፤ የቀይ ደም ሴልን ሽፋን የመበጣጠስ ጠባይም አለው። አያቶቻችን ደም የነካውን ልብስ በወራጅ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በእንዶድ ሲያሹ ሁለት ትክክል ሥራ በአንድ ጊዜ እየሠሩ ነበር። ወራጁ ውሃ ከጣሪያ ታንከር አለመምጣቱም ረድቷቸዋል።

አሁን ዶሃን የማደንቅበት ነጥብ ላይ ደረስኩ። ኢንዛይም ራሱ ፕሮቲን ነው። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይለግማል፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ይሞታል። በረኪና ከጨመሩበትም ይሞታል፤ ሁለቱን ቀላቅሎ የሚያጥብ ሰው ለሁለቱም ከፍሎ አንዱን ነው የሚያገኘው። ደስ የሚለው ለብ ያለ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ውሃ ነው። የአውሮፓ ሰው ይህን ለማግኘት በመብራት ያሞቃል። እኛ ግን ሰማያዊውን ቧንቧ እንከፍታለን! እትዬ ጋቢውን በበረዶ ውሃ ካነጹ በኋላ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከታንከሩ የመጣውን ውሃ ሳፋ ሞልተው፣ ዱቄት በትነው፣ ሌሊቱን ዘፈዘፉት። ስለ ኢንዛይም ሰምተው አያውቁም። "የዚህ አገር ቧንቧ ለመዘፍዘፍ ይሆናል፣ ለደም አይሆንም" ነው ያሉት። በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ የምጨምረው የለኝም። ጠዋት ጋቢው ነጭ ነበር፤ ባለቤቱም እናቱ ጋ ደውሎ ስለ ሁሉም ነገር ሲያወራ ስለዚህ አላነሣም።

ይህ እውቀት ለሳሎን ወግ ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ፤ በዶሃ ለብዙ እህቶቻችን የእንጀራ ጉዳይ ነው። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እጅ የማይገባ ጨርቅ የለም። ሶብ የሚባለው የባባ ነጭ ቀሚስ፣ በነሻ ደርቆ የሚተኮስ የራስ ሻሽ ጉትራ፣ የማዳም አባያ፣ የልጆች ወተት ያረፈበት ልብስ። ሶቡና ጉትራው ብዙውን ጊዜ ጥጥ ወይም ፖሊስተር ስለሆኑ ኢንዛይሙን አይፈሩም። ሐርና ሱፍ ግን ራሳቸው ፕሮቲን ናቸው። ኢንዛይም እድፉንና ጨርቁን ለይቶ አያውቅም፤ ሐር ላይ የፈሰሰ ወተት እንዲበላ የታዘዘ ኢንዛይም ወተቱን ጨርሶ ወደ ሐሩ ይቀጥላል። ክሎሮክስማ ጭራሽ ያቀልጠዋል። ሜሲ ሉሳይል ላይ የዓለም ዋንጫውን ሲያነሣ ትከሻው ላይ የደረቡለትን ዓይነት ቢሽት ታስታውሳላችሁ፤ በጥንቱ ወግ የሚሠራው ከግመል ፀጉርና ከሱፍ ነው። እንዲህ ያለውን ልብስ ማሽን ውስጥ የከተተች ልጅ ቀኗ ጥሩ አይሆንም። ከ2021 ጀምሮ በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 1000 ሪያል ነው፤ አንድ ጥሩ ቢሽት ከዚያ በላይ ያወጣል። ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሚሄዱ ልጆች ከመነሣታቸው በፊት ሥልጠና ይሰጣል፤ የማሽን ቁልፍ አጫጫን ብቻ ሳይሆን የትኛው ጨርቅ ከእንስሳ እንደመጣ፣ የትኛው ከተክል፣ የትኛው ከፋብሪካ መለየትም ይጨመርበት ባይ ነኝ። አንድ ከሰዓት ይበቃል።

የቀሩትን ዘዴዎች ቶሎ ልለፋቸው። ፋርማሲ የሚሸጠው 3 ከመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነጭ ጥጥ ላይ ለቀረ የደም ምልክት ይሠራል። ደም ላይ ሲንጠባጠብ የሚፈላው ደሙ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ኦክስጅኑን ስለሚለቀው ነው፤ ለአንድ ጊዜ አረፋ ወዳዱ ሐበሻም ደስ ይለዋል። ባለቀለም ጥለት ግን ያደበዝዛልና መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ይሞከር። ፎቅ ላይ ያሉት የኬረላ ጎረቤቶቻችን ሥጋ የሚያለሰልሱት በጥሬ ፓፓያ ነው፤ ፓፓያው ውስጥ ያለው ኢንዛይም ፕሮቲን ይቆራርጣልና በመርሕ ደረጃ እድፍም ያነሣል። ጋቢ ላይ ፓፓያ ያሸ ሰው ግን ቀጥሎ የፓፓያን እድፍ ስለማውጣት ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚብሰው ጠላት ውሃ አይደለም፤ ካውያ ነው። የዶሃ ቧንቧ የቱንም ያህል ቢያቃጥል እንቁላል አይቀቅልም። ለጥጥ የተስተካከለ ካውያ ግን 200 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ያኔ የቀረው ፕሮቲን የጨርቁ አካል ይሆናል። ማድረቂያ ማሽንም የካውያ ታናሽ ወንድም ነው። እድፉ መልቀቁ ሳይረጋገጥ ወደ ሁለቱ የሄደ ልብስ ተመልሶ አይመጣም።

እዚህ ላይ የሐበሻ ይሉኝታ ትልቅ ጉዳት አድርሷል። ሰፈራችን ላውንደሪ ያለው ሰውዬ ልብስ ሲቀበል እድፉን በጣቱ እየነካ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሰው ዓይኑን ጣሪያ ላይ ይተክላል። "እኔ እንጃ" ይላል። "ሻይ መሰለኝ" ይላል። ልጁ ያስመለሰበትን "ጁስ"፣ አፍንጫው የደማበትን "ቀለም" ይላል። ሰውዬውም ሻይ ከሆነ በሙቅ ውሃ ብሎ ያጥባል፣ በእንፋሎት ይተኩሳል፣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይሰጠናል፤ እኛም ወጥተን ላውንደሪውን እናማለን። እባካችሁ፣ እድፉ ምን እንደሆነ በግልጽ ንገሩት። ደም ከሆነ ደም፣ ወተት ከሆነ ወተት፣ እንቁላል ከሆነ እንቁላል በሉት። በቀን ስንት ሰው ሶብና አንሶላ የሚያይ ሰው ነው፤ በእናንተ አይገረምም። ብቻ ካውያውን ከመሰካቱ በፊት ይሁን።